የጠራ ውሃ ወይስ የጠገበ ውሃ?

የሚቀጥለውን የዳይቪንግ ጉዞ ወዴት ላድርግ በሚል ካርታ ላይ ካፈጠጥኩ ሰነበትኩ። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጤነኛ የኮራል ሪፍ፣ ሌላው ከእኔ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ እንስሳ ነው፤ ማንታ (ክንፉን እያርገበገበ የሚዋኝ ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ)፣ ዌል ሻርክ (ከዓሦች ሁሉ ትልቁ)፣ ከተገኘም ራሱ መዶሻ የሚመስለው የሀመርሄድ ሻርክ መንጋ። ውሃው ደግሞ ሞቅ ያለ ይሁን። ጥርሴ እየተንገጫገጨ የማየው ውበት አይጥመኝም። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ግን ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ኮራልና ማንታ የሚስማማቸው ውሃ ለየቅል ነው።

ኮራል እንስሳ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ቀለቡን የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ፣ በዓይን ከማይታዩ አልጌዎች ነው። እነሱ ደግሞ ያለ ብርሃን አይሠሩም። ስለዚህ ታላላቆቹ ሪፎች የተገነቡት ፀሐይ ጠልቃ በምትገባበት፣ ሞቃትና ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ጥርት ያለው ባዶ ስለሆነ ነው። የሚንሳፈፍ ነገር የለበትም፤ የሚንሳፈፍ ከሌለ የሚበላም የለም። ማንታና ዌል ሻርክ ግን ያንን ግዙፍ ገላ የሚቀልቡት በፕላንክተን፣ ማለትም በውሃው ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን ነው። ፕላንክተን የሚፋፋው ቀዝቃዛውና ማዕድን የሞላበት የጥልቁ ውሃ ሽቅብ በሚወጣበት ስፍራ ነው። እዚያ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይደፈርሳል፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በማስታወቂያ ፎቶ ላይ በሰማያዊ ውሃ መሐል ክንፏን ዘርግታ የምናያት ማንታ ውሸት አይደለችም፤ ግን ወይ ትንንሽ ዓሦች ገላዋን እንዲያጸዱላት መጥታለች፣ ወይ መንገደኛ ናት። ማዕዷ ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ «የትኛው አገር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ረብ የለሽ ሆነብኝ። መጠየቅ ያለበት ሁለቱ ውሃዎች የት ይገናኛሉ፣ በየትኛው ወር ይገናኛሉ የሚለው ነው። (ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ የዳይቪንግ ወቅቶች ሁሉ በዚያ ስለሚነገሩ።)

ለትልልቅ እንስሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው አያከራክርም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለው ጋላፓጎስ ሄጄ ሰሜን ጫፍ ላይ ወዳሉት ዎልፍና ዳርዊን ደሴቶች እወርድ ነበር። ግን ዌል ሻርኮቹ እዚያ በብዛት የሚታዩት ከጁን እስከ ኖቬምበር፣ ውሃው በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ኮኮስ ደሴትም የሀመርሄዱ መንጋ አለው፤ ከኮስታሪካ የባሕር ዳርቻ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ፣ ደርሼ የማየው አለትና ሻርክ እንጂ ያሸበረቀ ኮራል አይደለም። ሁለቱንም ከዝርዝሬ ሰረዝኩ።

ለሪፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ራጃ አምፓት። በኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ኮራል ትሪያንግል በሚባለው ቀጠና ውስጥ ነው፤ በዓለም ከታወቁት ሪፍ ገንቢ የኮራል ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚገኙት በዚሁ ቀጠና ነው። ኬፕ ክሪ በሚባለው ቦታ የዓሣ ተመራማሪው ጄራልድ አለን እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ዳይቭ ብቻ 374 የዓሣ ዝርያ ቆጥሯል። እኔ በአንድ ዳይቭ 374 ጊዜ መተንፈሴን እንኳ ልቆጥር አልችልም። ማንታም አለ፤ ወቅቱ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ነው። ለዚህ ቦታ የማወጣው እንከን የለም። የሚያመነታኝ፣ ራጃ አምፓት ዓይንን ወደ ታች፣ ወደ ኮራሉ የሚስብ ቦታ መሆኑ ነው፤ እኔ ዘንድሮ ዓይኔ ወደ ሰማያዊው ባዶ ሜዳ ነው የሚያየው።

ጤነኛ ሪፍ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ፤ ሰው ሁሉ ቀለሙን ነው የሚያወራው። ጤነኛ ሪፍ ከሁሉ በፊት ይሰማል። ገና እንደወረዱ ከየጉድጓዱ ቻ-ቻ-ቻ የሚል ድምፅ ጆሮን ይሞላል፤ ጥፍራቸውን የሚያጮሁ ጥቃቅን ሽሪምፖች ናቸው። በዚያ ላይ ፓሮትፊሽ የሞተውን ኮራል በመንቁር መሳይ ጥርሱ ሲነክስ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይጨመራል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ነክሶ ያደቀቀውን ድንጋይ ጥቂት ቆይቶ ከኋላው እንደ ነጭ ደመና ይለቀዋል፤ በባሕር ዳርቻ የምንተኛበት ነጭ አሸዋ በከፊል ከእሱ ሆድ የወጣ ነው። የሞተ ሪፍ ግን ዝም ይላል። ውሃው ከወትሮው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ ነጩ አጥንቱ ይታያል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል፤ ቡናማ አረም ይወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ታውጇል፤ ስለዚህ የዛሬ አሥር ዓመት የተነሣ ፎቶ አይቶ ቦታ መምረጥ አያዋጣም። ለመርከብ አስጎብኚዎች መልእክት ስጽፍ የምጠይቀው የመጀመሪያ ነገር «ባለፈው ወር ያነሣችሁትን ቪዲዮ ላኩልኝ» ነው። የማይልኩት ብዙ ናቸው።

ማልዲቭስ ልቤን ለረጅም ጊዜ ይዞት ነበር። አቶሎቹ (ቀለበት የሠሩ ሪፎችና ደሴቶች) ላይ ሁለት ነፋሶች ይፈራረቁባቸዋል። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ የባሕሩ ጅረት ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ገደማ ደግሞ ይገለበጣል። ንጹሑ የውቅያኖስ ውሃ በሚገባበት ወገን ሻርኮች በመተላለፊያዎቹ አፍ ላይ ይቆማሉ፤ ውሃው አቶሉን አቋርጦ በሚወጣበት ወገን ፕላንክተን ይጠራቀማል፣ ማንታዎችም ይከተሉታል። ነፋሱን ያወቀ ማንታውን ያውቃል። ሻርክ ማጥመድ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለተከለከለ ሻርኮቹ ከሰው አይሸሹም። በደቡብ አሪ አቶል ዌል ሻርክ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። የባ አቶሉ ሃኒፋሩ ደግሞ ማንታዎች በብዛት ተሰብስበው የሚበሉበት ዝነኛ ስፍራ ነው፤ ግን እዚያ በሲሊንደር መጥለቅ ክልክል ነው፣ ከውሃው ገጽ ላይ ሆኖ በቱቦ እየተነፈሱ፣ በስኖርክል ብቻ ነው። ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ሊበላ የመጣን እንስሳ በአረፋ ማወክ ነውር ነው። ቅር የሚለኝ ሪፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 በደረሰው ሙቀት ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ያገገመ አለ፣ ያላገገመም አለ።

ቀይ ባሕርስ? ሰሜኑ ሙቀትን በመቋቋም የታወቁ ኮራሎች ያሉበት ነው፤ ኤልፊንስተን በሚባለው የግብፅ ሪፍ ላይ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የክንፉ ጫፍ ነጭ የሆነው የውቅያኖስ ሻርክ ጠላቂዎችን እየዞረ ይመረምራል። ወደ ደቡብ ሲወረድ የሱዳን ሪፎች አሉ፤ ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ከባሕር በታች መኖሪያ የሠራበት ሻዓብ ሩሚ ለእኔ የዘወትር ምኞት ነው። በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን ምኞት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቀይ ባሕርን ለሌላ ጊዜ አሳደርኩት።

ማንታ ሲጸዳ ካየሁበት ቀን ጀምሮ ለትልቅ እንስሳ ያለኝ መሻት ተቀይሯል። ከዚያ በፊት የምፈልገው ማየት ብቻ ነበር፤ ቆጥሬ፣ ፎቶ አንሥቼ መውጣት። አስጎብኚው ከአንድ የኮራል ጉብታ ራቅ አድርጎ አሸዋው ላይ ዝቅ አስባለን። ውሃው ድፍርስ ነበር፤ በመስኮት በገባ ጨረር ውስጥ እንደሚታይ አቧራ ፕላንክተኑ ፊታችን ላይ ይርመሰመሳል። ማንታዋ ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ወጣች። ጉብታው ላይ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ በራሷ ግራና ቀኝ የተጠቀለሉትን ክንፎች ዘረጋች፣ የስንጥቧን ክፍተቶች ከፈት አደረገች። ጣት የምታህል ሰማያዊ መስመር ያላት ዓሣ ወደ ስንጥቡ ገብታ ስትወጣ በግልጽ ይታያል። ሆዷ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከማንታ ማንታ ይለያያል፤ ተመራማሪዎች በዚያ ነው ስም የሚሰጧቸው። በስኩባ ትንፋሽ መያዝ ከቶ አይፈቀድም፤ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አረፋዬ ሆዷን እንዳይመታው፣ ከላዬ ስታልፍ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ እስብ ነበር፣ ካለፈች በኋላ ቀስ ብዬ አስወጣ ነበር። እኔ ለእሷ ስል አተነፋፈሴን አስተካከልኩ። እሷ ግን ትኩረቷ ትንሿ ዓሣ ላይ ነበር።

የጎረቤቴ የአየር መለኪያ ወደ ቀይ እስኪጠጋ ድረስ እዚያው ቆየን። ታዲያ አሁን ቦታ ስመርጥ እንስሳው ብዙ መሆኑን ብቻ አልፈልግም፤ ሥራውን ሲሠራ የምጠብቅበት ቦታ እፈልጋለሁ። ዌል ሻርክ ከጀልባ ላይ ታይቶ፣ ሰው ሁሉ ዘሎ ገብቶ፣ ከኋላው የሚሮጥበት ጉዞ ከዚህ በኋላ አይስበኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ኮሞዶ ላይ ደረስኩ።

ኮሞዶ ብሔራዊ ፓርክ በኢንዶኔዥያ፣ በሱምባዋና በፍሎሬስ ደሴቶች መካከል ነው። ከፓስፊክ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚጋፋው ውሃ በእነዚያ ጠባብ መተላለፊያዎች ያልፋል። ስለዚህ አንድ ፓርክ ውስጥ ሁለት ባሕር አለ ማለት ይቻላል። ሰሜኑ ሞቃት፣ ሰማያዊና በኮራል የተሸፈነ ነው። ደቡቡ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣበታል፤ አረንጓዴ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ በሕይወት ተጨናንቋል። ካራንግ ማካሳር በሚባለው የፓርኩ ሪፍ ላይ ማንታ ዓመቱን ሙሉ ይታያል፤ ብዛታቸው የሚጨምረው በዝናቡ ወቅት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ሲፈላለጉ የኖሩት ሁለት ውሃዎቼ በአንድ የመርከብ ጉዞ ውስጥ፣ የጥቂት ሰዓት መንገድ ተራርቀው ይገኛሉ። መሬት ላይ ያሉት ግዙፎቹ እንሽላሊቶች ትርፍ ናቸው፤ ለእነሱ አንድ ከሰዓት በኋላ እሰጣለሁ።

ዋጋው ጅረቱ ነው። ባቱ ቦሎንግ የሚባለው ዝነኛ ቦታ ከውሃው ጥቂት ብቅ ያለ አለት ነው። ጅረቱ አለቱን መትቶ ለሁለት ይከፈላል፤ ጠላቂ ከተከለለው ወገን ሳይወጣ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ ቀስ በቀስ ሽቅብ ይወጣል። ከጠርዙ ካለፈ ጅረቱ ይወስደዋል፣ ወደ ታችም ሊጎትተው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ጅረት የያዘው ሰው ቁልቁል የሚያወርደውን ግድግዳ ትቶ ወደ ሜዳው ውሃ በጎን ነው የሚዋኘው፤ ፊት ለፊት የታገለ አየሩን ጨርሶ ይቀራል። ይህን በቃል ማወቅና በእግር ማወቅ ግን ይለያያል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ቀለል ባለ ጅረት ውስጥ ልምምድ እጨምራለሁ። ከውሃ በታች ሆኜ ቀዩን የምልክት ፊኛ መሙላትንም እጄ እስኪለምደው እደጋግመዋለሁ፤ ከመርከቧ ርቆ የወጣን ሰው ከማዕበል መሐል የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚህ የተረፈው ጉዳይ አጭር ነው። የመድን ሽፋኔ በግፊት ክፍል የሚደረገውን ሕክምና የሚያካትት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ተደጋጋሚ ዳይቭ ያደረገ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ስላለበት፣ የመጨረሻውን ቀን ባዶ እተወዋለሁ። ናይትሮክስ (ኦክሲጅን የተጨመረበት አየር) የሚሰጥ መርከብ እመርጣለሁ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሚጠልቅ ሰው በሰውነት የሚጠራቀመውን ናይትሮጅን ይቀንስለታል።

ወሩ ሴፕቴምበር እንዲሆን አሰብኩ። የማንታ ቁጥር ከፍ የሚልበት ወቅት አይደለም፤ ዲሴምበርን የሚያስቀረኝ ሰሜኑ ነው። በደረቁ ወራት ሰሜኑ የተረጋጋ ነው፣ ሪፉም በደንብ ይታያል፤ ደቡቡ በሚመችበት ቀን ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ ብርዱን ችዬ እወርዳለሁ። ለሰሜኑ 3 ሚሊሜትር፣ ለደቡቡ 5 ሚሊሜትር ልብስ ከነኮፍያው። ሁለቱንም መሸከም ሻንጣ ያከብዳል፤ ይክበድ። ካሜራውን ነው የማስቀረው፤ በጅረት ውስጥ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል።