ድጎማው ዱቄቱ ላይ ነው ወይስ ዳቦው ላይ? (ከካይሮ)

ካይሮ ውስጥ ዳቦ ቤት መስኮት አጠገብ የቆመ እንግዳ ከዋጋው በላይ የሚገርመው ከተገዛ በኋላ የሚሆነው ነው። ሰዉ ትኩሱን ዳቦ ይዞ ውልቅ አይልም። እዚያው የቆመ መኪና ኮፈን ላይ፣ አጥር ላይ፣ ያገኘው ርብራብ ላይ አንድ በአንድ ይዘረጋዋል። ትኩስ በትኩስ ላይ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይረጥብና ይጣበቃል፤ ከሥሩ የተነሰነሰው ፉርሽካም አያድነውም። በረድ ሲል ተሰብስቦ ወደ ቤት። አብዛኛው ሌላ ዓረብ «ኹብዝ» የሚለውን ግብፆች «ዐይሽ» ይሉታል፤ ሕይወት ማለት ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.፤ የግብፅ ዘመኖች ሁሉ እዚህ እንዲሁ ናቸው) አደባባይ የተስተጋባው መፈክርም የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነበር፦ ዳቦ፣ ነፃነት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ።

የአሁኑ አሠራር እንዲህ ነው። የራሽን ካርድ ያለው ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በቀን አምስት ዳቦ ይደርሰዋል። ካርዱ ማሽኑ ላይ ይነካል፣ ዳቦው ይቆጠራል፣ ለአንዱ 20 ጊርሽ ይከፈላል። (ጊርሽ የፓውንዱ መቶኛ ነው፤ በምኒልክ ዘመን እኛም ዘንድ በዚህ ስም የሚጠራ ገንዘብ ነበር።) አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ዳቦ በ5 ፓውንድ ያገኛል፤ በወር 750 ዳቦ በ150 ፓውንድ። መንግሥት በ2024 ዋጋውን ሲጨምር አንዱን ዳቦ ለመጋገር 125 ጊርሽ እንደሚፈጅ ተናግሯል። በዚህ ስሌት ለዚያ ቤት በወር 787 ፓውንድ ከግማሽ ይደጉማል፤ ዶላሩን በ50 ፓውንድ ብንይዝ ወደ 16 ዶላር ገደማ።

ከ2014 በፊት የሚደጎመው ዱቄቱ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው መቶ ኪሎውን ጆንያ በ16 ፓውንድ ይረከባል፤ ውጭ ያለው ዋጋ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ እሳት ፊት ቆሞ ላቡን የሚያፈስ ማን ነው? ጆንያው በጓሮ በር ወጥቶ አየር በአየር ይሸጣል፣ መስኮቱ ላይ «ዱቄት አልቋል» ይባላል። የተጋገረውም ቢሆን ከመኖ ስለሚረክስ ለከብትና ለዶሮ ይውል ነበር። በ2008 ሰልፉ ላይ ሰው እስከ መሞት ሲደርስ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ሠራዊቱ ዳቦ እንዲጋግር እስከ ማዘዝ ደረሰ።

ለውጡ ገንዘቡ የሚፈስበትን ቦታ ማዛወር ነው። ጋጋሪው ዱቄቱን በሙሉ ዋጋ ይገዛል፤ መንግሥት ልዩነቱን የሚከፍለው ካርድ ሲነካ፣ በተሸጠው ዳቦ ቁጥር ብቻ። ያልተወሰደ ዳቦ ደግሞ ወደ ነጥብ ይለወጥና ዘይት ወይም ስኳር ይገዛበታል። ይህቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኔ ግን የሥርዓቱ ብልሃት እሷ ላይ ነው። ደንበኛው ዳቦውን ባለመውሰዱ የሚያገኘው ነገር ስላለ የራሱን ኮታ ራሱ ይጠብቃል።

ሌብነቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። አንዳንዱ ጋጋሪ የደንበኛን ካርድ እጁ ላይ አስቀርቶ ያልተጋገረ ዳቦ «ሸጠ»። ላይኛው ጫፍ ላይ የባሰ ሆነ፦ መንግሥት የአገር ውስጥ ስንዴ ከዓለም ገበያ በላይ ይገዛ ስለነበር ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስንዴ ጎተራ ገባ ተባለ። በ2016 የፓርላማ አጣሪ ጉዳዩን ሲያወጣው የአቅርቦት ሚኒስትሩ ኻሊድ ሐነፊ ሥልጣን ለቀቁ። በመጋቢት 2017 ደግሞ ተራው «ወርቃማ ካርድ» የሚባለው ሆነ። ዘመናዊ ካርድ ያልደረሳቸው የወረቀት ካርድ ባለቤቶች እንዳይቸገሩ ዳቦ ቤቱ ራሱ የሚነካው ካርድ ነበር። ይዘረፍበታል ተብሎ የካርዱ ኮታ ባንዴ ለአንድ ዳቦ ቤት በቀን ወደ 500 ዳቦ ሲወርድ እስክንድርያ ውስጥ ሰው መንገድ ዘጋ። ቀዳዳውን መድፈን ልክ ነበር፤ ነገር ግን የወረቀት ካርዱ ሳይለወጥ መደፈን አልነበረበትም።

የዳቦው ዋጋ እስከ ሰኔ 2024 ድረስ ለምን 36 ዓመት ገደማ 5 ጊርሽ ላይ ቆየ? ጥር 1977 ነው መልሱ። ፕሬዚዳንት ሳዳት የምግብ ድጎማ ባነሱ ማግስት አገሩ ተቃጠለ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ውሳኔያቸውን ሻሩ። ከዚያ ወዲህ የመጡ መሪዎች በአብዛኛው ዋጋውን ትተው ዳቦውን መንካት መረጡ። በ2020 ክብደቱ ከ110 ግራም ወደ 90 ወረደ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ስንዴውን ሲያስወድድ ከመቶ ኪሎ ስንዴ የሚወጣው ዱቄት ከ82 ወደ 87.5 ኪሎ ከፍ ተደረገ፤ ተጨማሪ ፉርሽካ ከዱቄቱ ጋር ቀረ ማለት ነው። ዳቦው እያነሰና እየጠቆረ ሲሄድ እንደ 1977ቱ ያለ ቁጣ አልተነሣም። እኛም የምናውቀው ዘዴ ነው፤ ሚዛን ይዞ ዳቦ የሚገዛ የለም። እኔ ግን የሰኔ 2024ቱን አራት እጥፍ ጭማሪ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ፊት ለፊት የተነገረ ነው።

አሁን ካይሮ ውስጥ የሚወራው ዳቦው ቀርቶ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ የሚለው ነው። ኢኮኖሚስቶች ይወዱታል፤ ማጓጓዣ የለ፣ ጎተራ የለ። ግን በመጋቢት 2024 ፓውንዱ ከ31 ወደ 50 አካባቢ ሲወርድ 90 ግራሟ ዳቦ ያው 90 ግራም ነበረች። ጥሬ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ በዚያች ቀን ተቆርሶ ይገኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ በቋሚ ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት መምህር አያስፈልገውም።

የእኛ የነዳጅ ድጎማም በዚህ ዓይን ቢታይ ጥሩ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ተመዝግበው በቴሌብር ሲከፍሉ ቅናሽ እንዲያገኙ ተደረገ። ምዝገባውና በኤሌክትሮኒክስ መክፈሉ ከካይሮ ጋር ስለሚመሳሰል ያው አሠራር ይመስላል። ልዩነቱ እዚህ የተደጎመው ሊትሩ ነው፣ ማለትም ዱቄቱ። ሊትሩ የመኪናው ታንክ ውስጥ ከገባ በኋላ ተሳፋሪ ይጫንበት ወይስ በጀሪካን ይቀዳ ክፍያውን የተቀበለው ሥርዓት አያይም፤ ተሳፋሪው ታሪፉን ሲከፍል ገንዘቡን የሚለቅ ማሽን ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ የለም።