ጎግል የአጎቴን ጀልባ እስኪያገኝ

ባለፈው ጥቅምት የጀመርኩት ሥራ አምስት ወር ሞላው። ለማታውቁኝ፦ አጎቴ ባህር ዳር ውስጥ ሁለት የሞተር ጀልባዎች አሏቸው፤ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት ያመላልሳሉ። ድረ ገጹን ያሠሩት አምና ሰኔ ላይ ነበር። ደህና ገንዘብ ከፍለውበታል። ሆኖም ድረ ገጹን አይቶ የደወለ አንድም እንግዳ ስላልነበረ «አንቺ ተምረሻል፣ እስኪ ምን እንደነካው እይልኝ» ብለው አስረከቡኝ። የተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ነው። ስለ ኤስኢኦ (ድረ ገጽ በጎግል ፍለጋ በቀላሉ እንዲገኝ ስለማድረግ) የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ስለሆነ፣ ስህተት ካያችሁ አርሙኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጎግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፌ፣ ሁለት ነጥብ አድርጌ፣ ክፍተት ሳልተው የድረ ገጹን አድራሻ አስከተልኩ። እንዲህ ሲፈለግ ጎግል ከዚያ ድረ ገጽ ከመዘገባቸው ገጾች ያወጣል። ለእኛ ምንም አልወጣም። የኋላ ኋላ ነገሩን ድረ ገጹ በተሠራበት ፕሮግራም፣ በዎርድፕሬስ ውስጥ አገኘሁት፤ የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። የሠራው ባለሙያ ገና በሥራ ላይ ሳለ ምልክት አድርጎባት፣ ሲያስረክብ ሳያነሳት ቀርቷል። አራት ወር ሙሉ ሱቅ ከፍተን፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈን ገበያተኛ ስንጠብቅ ነበር። ደውዬ ልጣላው ስል አጎቴ «ተይው፣ እሱም የሰው ልጅ ነው» አሉ። እኔ እስካሁን አልተውኩትም።

ቀጥሎ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል መሣሪያ ላይ ተመዘገብኩ። ነጻ ነው፤ ድረ ገጹ የራስ መሆኑን ማረጋገጥና የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ ማስገባት ብቻ ይጠይቃል። ሰዎች ምን ጽፈው ሲፈልጉ እንደታየን፣ ስንቱ እንደነካን፣ በአማካይ ስንተኛ እንደሆንን ይነግራል፤ መረጃውንም ለ16 ወር ያቆያል። ዛሬ ነገ ሳትሉ ክፈቱት።

የገጾቹ ርዕስ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ሰባቱም ገጾች «መነሻ» ይባላሉ። የዘጌውን «ከባህር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ፦ ዋጋ፣ ሰዓትና መነሻ ቦታ» አልኩት፤ ሌሎቹንም እንዲሁ እንደ ይዘታቸው ሰየምኳቸው። በፍለጋ ውጤት ላይ ከርዕሱ ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ በራሱ ደረጃ አያሳድግም፤ ሲጥም ግን ሰው እንዲነካው ያደርጋል፤ ጎግልም ካላመነበት በራሱ ይተካዋል። ባለሙያው አንባቢ በማያየው፣ ለፍለጋ ሞተር ብቻ በሚሞላው የቁልፍ ቃላት ሳጥን ውስጥ አርባ ቃላት አጭቆበት ነበር። ጎግል ያንን ሳጥን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አጠፋሁት፤ ስለሚጎዳ ሳይሆን ስላናደደኝ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ነገር ግን ኮምፒውተር አልነበረም። ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ዳርቻ ተቀምጬ እንግዶች የሚጠይቁትን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ስለ ጣና ስፋትና ስለ ገዳማቱ ታሪክ የጠየቀ ብዙ ሰው የለም፤ የእኛ ድረ ገጽ የተሞላው ግን በዚያ ነበር። ሰዎች የሚጠይቁት እንዲህ ነው፦ ዘጌ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሴቶች ይገባሉ? ጫማ ይወለቃል? ሕጻን ይዘን ብንመጣ ይቻላል? ፏፏቴው አሁን ውሃ አለው? አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር መጥተው ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ የሰሙት እዚያው ዳርቻ ላይ ነበር። ፊታቸውን ብታዩት! አጎቴ ሴቶች ስለሚገቡበት ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነግረው፣ ወደ ዘጌ ወስደው አስደሰቷቸው። እኔ ግን በዚያው ማታ «በጣና ገዳማት ሴቶች የሚገቡት የት ነው?» የሚል አንድ ገጽ ጻፍኩ። ዛሬ ከጎግል ብዙ ሰው የሚመጣው በእሱ ነው፤ ከመነሻው ገጽ ይበልጣል።

ስለ ጢስ ዓባይም እንዲሁ እውነቱን ጻፍኩ። ውሃው ክረምቱ ሲበረታና እንደወጣ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ግርማ እንዳለው፣ በበጋ ግን እንደሚሳሳ፣ ከፊሉም ለኃይል ማመንጫ እንደሚወሰድ። አጎቴ «ገበያ ታባርሪያለሽ» ብለው ነበር። በመጋቢት መጥቶ ቀጭን ውሃ አይቶ ከሚያማርር እንግዳ፣ አስቀድሞ አውቆ ዘጌን የሚመርጥ እንግዳ ይሻለናል ብዬ ተከራከርኩ። ክርክሩ አላለቀም።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ ትምህርቶች ውስጥ አንድም ቃል አላገኘሁም። በሰርች ኮንሶል ዝርዝር ላይ «ባህር ዳር»፣ «ባሕር ዳር» እና «ባህርዳር» ሦስት የተለያዩ መስመሮች ሆነው መጡ። «ጢስ ዓባይ»ም በ«አ» የሚጽፈው አለ፤ ፈረንጆቹ ደግሞ «ብሉ ናይል ፎልስ» ብለው ነው የሚፈልጉት። ዘጌን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ ኤች ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም። ሁሉንም በአንድ አንቀጽ መጠቅጠቅ ንባቡን ያበላሻል፤ ጎግልም ቃል መደጋገምን አይወድም። እኔ ብዙ ሰው የሚጽፈውን ለርዕስ ያዝኩ፤ ሌላውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሮው ሲመጣ ብቻ አስገባሁ። የሰዋስው መምህሬ ቢያዩኝ አያመሰግኑኝም።

ሌላም አለ። የገጹን አድራሻ በአማርኛ ፊደል አድርጌ በቴሌግራም ልልክ ስል ወደ ረጅም የፐርሰንት ምልክትና የቁጥር ሰልፍ ተለወጠብኝ። እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በእንዲህ ያለ አጻጻፍ 9 ምልክት ይሆናል፤ የ«ጢስ ዓባይ» አምስት ፊደላት ብቻ 45 ይፈጃሉ። ያየው ሁሉ ቫይረስ መሰለው። አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጠርኩት፤ ርዕሱንና ጽሑፉን በአማርኛ ተውኩት።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ ነበሩና እያንዳንዳቸው 6 ሜጋባይት ይመዝኑ ነበር፤ አነስ አድርጌ ከ200 ኪሎባይት በታች አወረድኳቸው። ጎግል የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ይለዋል፤ የእኔ ገና 3.1 ላይ ነው። ድረ ገጹን የሚመዝነውም በስልክ በሚታይበት መልኩ ስለሆነ ኮምፒውተር ላይ ማማሩ ብቻውን አያኮራም።

ያሳፈረኝን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ድርጅታችን በጎግል ካርታ ላይ በሚታይበት ገጽ፣ የሥራ ሰዓት ስሞላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ስለምንሠራ 1 እና 11 ብዬ ጻፍኩ። ጎግል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከፍተን ከረፋዱ 5 ሰዓት የምንዘጋ ሆንን! ከሰዓት በኋላ ካርታው ላይ የሚያየን ሁሉ «ተዘግቷል» የሚል ያገኛል። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የአጎቴ ስልክ ጮኸ። የደወለው ሰው በትህትና «ክፍት እንደሆናችሁ አይቼ ነው» አለ። አጎቴ ጠዋት ቡና ላይ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሰዓት ጣና ላይ ጉማሬ እንጂ ጀልባ አይሄድም» አሉኝ። ከጠዋቱ 7 እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ብዬ አስተካከልኩት። የእናንተንም አሁኑኑ እዩት።

ሊንክ፣ ማለትም ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ የሚመራ ማገናኛ፣ በጅምላ ሊሸጥልኝ የጻፈልኝ አለ፤ 500 በርካሽ። የጎግል ሕግ የሚከለክለው ስለሆነ አልገዛሁም። ይልቅ በሠፈራችን ያሉ የአንድ ፔንሲዮን ባለቤት በድረ ገጻቸው ላይ ስለ ጀልባ ጉዞ ሲጽፉ ወደ እኛ አገናኙልን። አንድ ነው፣ ግን የእውነት ነው።

ባለፈው ወር ሰባት ሰዎች «ጎግል ላይ አይተን ነው» ብለው ደውለዋል። ብዙ አይደለም፤ ከዜሮ የተነሳ ሰው ግን ሰባትን ይቆጥራል። የቀረኝ የእንግሊዝኛው ገጽና የጀልባዎቹ አዲስ ፎቶ ነው። ፎቶውን ላነሳ ትናንት ጠዋት ስልኬን ይዤ ወርጄ ነበር። አጎቴ ግን «ዓለም ሁሉ የሚያየው ከሆነ ቀለሙ እንዲህ ተልጦ አይታይም» ብለው ትልቋን ጀልባ ወደ ዳር አስወጥተው ማስፋቅ ጀምረዋል። ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹ ይቆያል።