የበረዶው ዋሻ የዋራባ (የጅብ) ዋሻ ሲሆን፦ የልጆች ባቡርን ታሪክ በሌላ ፊልም ታሪክ እንዴት እንደተካን

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ በባትሪ የሚሄድ ትንሽ ባቡር አለ። አንድ ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎ አለው፤ ዞሮ ሲመለስ በቆርቆሮ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ውስጥ የነበረው ትዕይንት ከአንድ የውጭ ካርቱን ፊልም ያለ ፈቃድ የተቀዳ የበረዶ አገር ታሪክ ነበር። ያንን አንስተን የሐረር ወጣቶች በሠሩት የ12 ደቂቃ አኒሜሽን ፊልም ታሪክ ተካነው። ሐዲዱ፣ ባቡሩና ዋሻው አልተነኩም። በአራት ሳምንት ሊያልቅ የሚችለው ሥራ ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ ምክንያቱም የጀመርነው ከሥዕሉ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀመረው ከሐዲዱ ነው።

ከሐዲዱ መጀመር ማለት ጠመኔ፣ ሜትርና የሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ ይዞ ዋሻውን በእግር መሄድ ነው። በየሜትሩ ሐዲዱ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ ባቡሩ ሦስት ጊዜ ይነዳል፦ ባዶውን፣ ልጆች ሞልተውበት፣ ማታ ባትሪው ሲደክም። የእኛ ዋሻ 36 ሜትር ነው። ባቡሩ ሞልቶ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ስለሚሄድ ዋሻውን በ72 ሰከንድ ይጨርሳል። ባዶውን 60 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ማታ ግን 85 ሰከንድ ይደርሳል። 19ኛው ሜትር ላይ ሐዲዱ ስለሚታጠፍ ባቡሩ ቀስ ይላል፤ ከኩርባው ማዶ ያለውም አይታይም። 27ኛው ሜትር ላይ ሁለት ሐዲድ የሚጋጠምበት ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ጎማ ሲያልፍበት ቀጭ ይላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ረጅም ወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ሐዲድ የሚያነብ ሰው ማግኘት አያስቸግርም፤ መጋጠሚያው ለምን እንደሚጮህ ያስረዱን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰዎች ናቸው።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ወሳኙ የባቡሩ ርዝመት ነው። ከሎኮሞቲቩ አፍንጫ እስከ መጨረሻው ወንበር 8 ሜትር አለ። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ሲሄድ፣ የፊተኛው ልጅ ያየውን የኋለኛው የሚያየው ከ16 ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋሻ ውስጥ «አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከዚያም...» ብሎ የሚተርክ ድምፅ አይሠራም። ፊት ያለው መጀመሪያውን ሲሰማ ኋላ ያለው ገና ጨለማ ውስጥ ነው፤ የኋላው ትዕይንቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ የሚሰማው የዓረፍተ ነገሩን ጅራት ብቻ ነው። የድሮው የበረዶ ታሪክ ተራኪ ነበረው፤ ልጆቹ ታሪኩን ሊነግሩን ያልቻሉትም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት በማንኛውም ሰከንድ ቢታይ ሙሉ ትርጉም መስጠት አለበት፤ ድርጊቱም በአራትና በአምስት ሰከንድ እየተደጋገመ መሄድ አለበት።

ትልልቆቹ ፓርኮችም ታሪክ ሲቀይሩ የሚነሡት ካለው ማሽን ነው። በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተው ስፕላሽ ማውንቴን የተባለ የውሃ ላይ መጫወቻ ታሪኩን የወሰደው ከ1946ቱ «ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ» ፊልም ነበር። ከአሻንጉሊት እንስሶቹ ብዙዎቹ ግን «አሜሪካ ሲንግስ» ከተባለና በ1988 ከተዘጋ ሌላ ትርዒት የተወረሱ ነበሩ። ፊልሙ ጥቁሮችን በሚያሳይበት መንገድ ለዓመታት ሲተች ቆይቶ፣ በ2024 ቦታው በ2009ኙ «ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ» ታሪክ ተተካ። የውሃው ቦይና 16 ሜትር ገደማ የሚወርደው መውረጃ ግን አሁንም አሉ። ፍሎሪዳ ባለው የዲዝኒ ፓርክ በኤፕኮት ከ1988 እስከ 2014 ይሠራ የነበረው የኖርዌይ ጀልባ ጉዞ በ2016 የ«ፍሮዝን» ፊልም ታሪክ ሲሰጠው፣ ጀልባው ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ እንዳለ ቀረ። በድሮው ታሪክ ጀልባውን ወደ ኋላ የሚልኩት ጭራቆች ነበሩ፤ በአዲሱ የፊልሙ የበረዶ ንግሥት ኤልሳ ናት። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ማሽኑ የሚያደርገውን ነገር ሁሉ ቆጥሮ፣ ለእያንዳንዱ ከአዲሱ ታሪክ ምክንያት መፈለግ። ምክንያት ያልተገኘለት እንቅስቃሴ ለልጁ ብልሽት ይመስለዋል።

እኛ ግን በመጀመሪያ ከፊልሙ ያማሩንን ሥዕሎች መረጥን። የቀን ገበያ፣ የሐረር ስፌት፣ ባለ ብዙ ቀለም ግድግዳ። በስድስት ኮምፐርሳቶ ላይ አሥራ ስድስት ቀን ሠራን፤ ዋሻው ውስጥ ስናቆመው ሞተ። የቀን ትዕይንት ጨለማ ውስጥ እንዲታይ ደማቅ ነጭ መብራት ይፈልጋል፤ ነጩ መብራት ደግሞ ከጎኑ ያለውን የሌሊት ትዕይንት ያጠፋዋል፣ የጣሪያውን ብየዳና ሽቦም ያጋልጣል። ሁሉም ወጣ።

ከዚያ ወረቀቱን ዘርግተን ፊልሙን ከሐዲዱ ጋር አስተያየነው። ታሪኩ አጭር ነው፦ አንዲት ልጅ በሌሊት ከጀጎል ውጭ ትቀራለች፤ የጂን ጥላ ይከተላታል፤ ዋራባ ጥላውን ይውጠዋል፤ ከዚያ በግንቡ ቀዳዳ አሳልፎ ወደ ቤቷ ያስገባታል። ጅብ ጂን ይበላል የሚለው በሐረር የቆየ እምነት ነው። ጅቦቹ ወደ ከተማ የሚገቡባቸው የጀጎል ግንብ ቀዳዳዎችም የታወቁ ናቸው። ከ12 ደቂቃው አራት ነገር ብቻ ወሰድን፦ የተዘጋው በር፣ ዓይን የሚያበራበት ቁጥቋጦ፣ ጥላ ዋጩ ዋራባ፣ ቀዳዳው።

በሩ 5ኛው ሜትር ላይ ቆመ። መጀመሪያ 1ኛው ሜትር ላይ ነበር፤ ማንም አላየውም፤ ምክንያቱም ከድሬ ፀሐይ ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይለይም። አሁን የመጀመሪያው 4 ሜትር ባዶ ነው፤ ድምፅ ብቻ አለበት። ዓይኖቹ ከ9 እስከ 17ኛው ሜትር ናቸው። ትልቁ ዋራባ ከኩርባው ማዶ ነው፤ ባቡሩ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው ቢባል፣ ልጅቷ ፈርታ ቆማለች። የሐዲዱ ቀጭታም ሥራ አገኘ፦ 27ኛው ሜትር ላይ የእንጨት መወርወሪያ የተቆለፈበት የግንብ በር ሣልን፤ ጎማው ቀጭ ሲል የተንቀጠቀጠው በሩ ይመስላል።

መውጫው ግን ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። የዋሻው አፍ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እስከ 6 ሜትር ወደ ውስጥ ትገባለች። የድሮው ታሪክ የመጨረሻው የበረዶ ቤተ መንግሥት የቆመው እዚያ ነበር፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚታየው የነጣ ግድግዳ ብቻ ነበር። መጋረጃ፣ ጥቁር ሸራ፣ ብዙ ተሞክሯል። በአዲሱ ታሪክ ግን የዋሻው አፍ ራሱ የግንቡ ቀዳዳ ሆነ። አፉን በቅስት ላሜራ አጠበብነው፤ በዶሮ ሽቦና በስስ ሲሚንቶ የድንጋይ መልክ ሰጠነው። ልጆቹ ከሌሊቱ የሚወጡት በቀዳዳው ወደ ንጋት ነው፤ ፀሐይዋ የታሪኩ መጨረሻ ሆነች። ለዚህ ምንም መብራት አልተገዛም።

ቋንቋው ሌላ ጥያቄ ነበር። ድሬ ላይ አንድ ፉርጎ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚናገሩ ልጆች ይቀመጣሉ። የመፍትሔው ግማሽ ትረካውን ከዋሻው አውጥቶ ወደ ሰልፉ መውሰድ ነው፤ ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ አራት ሥዕል ያዩና የሠላሳ ሰከንድ ታሪክ በየቋንቋው ተራ በተራ ይሰማሉ። ሌላው ግማሽ ቃሉ ራሱ ውስጥ ነበር፦ በሐረሪ ዋራባ፣ በሶማሊኛ ዋራቤ፣ በኦሮምኛ ዋራቤሳ። ዋሻው ውስጥ የሚሰማው የሰው ቃል «ዋራባ!» ብቻ ነው፤ ማስተርጎም አላስፈለገውም።

የዋራባው አካል የተሠራው ከፌሮ አጽም፣ ከዶሮ ሽቦና ከፋይበር ግላስ ነው። መጀመሪያ የሠራነው ውሻ መሰለ። ጅብን ጅብ የሚያደርገው ትከሻው ነው፦ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ አንገቱ ወፍራም ነው። የኋላውን እግር 12 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን ዝቅ ስናደርገው ያለ ቀለም እንኳ ልጆች ስሙን ጠሩት። ዓይኑ ቢጫ ኤልኢዲ ነው፤ ቀይ አታድርጉ፣ በቀይ ዓይን ትንንሾቹ ያለቅሳሉ።

ፋይበር ግላሱን ሐረር ላይ በለመድነው መጠን፣ ለአንድ ኪሎ ሬዚን 20 ግራም ማጠንከሪያ አድርገን ስንቀላቅል፣ ድሬ ላይ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ደረቀ፣ ጣሳውም ጋለ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200፣ ስለዚህ ትሞቃለች፤ ሙቀቱ ደግሞ ማድረቁን ያፈጥነዋል። ወደ 10 ግራም ቀንሰን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሳንበልጥ ሠራን። ከ10 ግራም በታች መውረድም አይገባም፤ ሳይደርቅ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። በሽጉጥ የሚቀልጠው የፕላስቲክ ሙጫም ለዚህ ዋሻ አይሆንም። በሚያዝያ ቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ያላላዋል፤ ሁለት ጆሮ ወድቆ ሐዲድ ላይ ተገኝቷል። አሁን ሁሉም ነገር በቡሎንና በዳዶ ነው የታሰረው።

አንገቱን የሚያንቀሳቅሰው ከጋራዥ የተገዛ ያገለገለ የመኪና ዋይፐር ሞተር ነው። ባለ 12 ቮልት ነው፤ ቮልቱን በመቀነሻ ወደ 7 ካላወረዱት ጅቡ የሚያስነጥስ ይመስላል። የብዙዎቹ ዋይፐር ሞተሮች አካል ራሱ ኔጌቲቭ መሆኑን አትርሱ፤ በአንድ የብረት አጽም ላይ ሁለት አስሮ የአንዱን ሽቦ መገልበጥ ሾርት ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ 10 አምፒር ፊውዝ አለው፤ ክንዱ ተይዞ ሲቆም ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ፊውዙ ይሄዳል።

ትዕይንቶቹን የሚያስነሣው ባቡሩ ራሱ ነው። መጀመሪያ የኢንፍራሬድ ሴንሰር አድርገን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የምትገባው ፀሐይ ባቡር ሳይኖር ዋራባውን ታስጮኸው ነበር። በማግኔት ስዊች ተካነው፦ አንድ ማግኔት ሎኮሞቲቩ ሥር፣ አራት ስዊች ሐዲዱ ጎን። ፕሮግራሙ አርዱኢኖ በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ነው፤ ድምፁ ከትንሽ ኤምፒስሪ ማጫወቻ ይወጣል። አንድ ስዊች ከተነካ በኋላ ለ25 ሰከንድ ደግሞ እንዳይሰማ ተደርጓል፤ ባቡሩ ስዊቹ ላይ ቢቆም ድምፁ እንዳይንተባተብ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ አርዱኢኖው ከዜሮ ይጀምርና የበሩን ድምፅ ዋራባው ጋ ያጫውት ነበር። አሁን ከተነሣ በኋላ ባቡሩ ጣቢያውን እስኪነካ ዝም ይላል። ሰዓት የሚቆጥር ፕሮግራም አትጻፉ፤ የ60ና የ85 ሰከንድ ልዩነት ያበላሸዋል። የሚታመነው ቦታ ነው።

ለሌሊቱ ትዕይንት የሚያበራ ቀለምና የአልትራቫዮሌት መብራት ተጠቀምን። የሚያበራው ቀለም ከሥሩ ነጭ ካልተቀባ አያበራም፤ ጥቁር ላይ በቀጥታ የተቀባው ጭቃ ይመስላል። ፀሐይም ቶሎ ታጠፋዋለች፤ ስለዚህ ከ30ኛው ሜትር ወዲያ ተራ ቀለም ብቻ ነው ያለው።

ከሥዕል በፊት መደረግ ያለበትን ሁለተኛ ነገር ልንገራችሁ። ከሞራሌ እንጨት አንድ ክፈፍ ሠርተን፣ ከፉርጎው ጎን በሁለቱም በኩል 90 ሳንቲ ሜትር፣ ከወንበሩ ወደ ላይ 1 ሜትር ከ40 እንዲወጣ አድርገን አሰርነው። ባቡሩን በእጅ እየገፋን ዋሻውን አሳለፍነው። ክፈፉ የነካው ሁሉ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንድ የዋራባ አፍንጫና ሁለት ቅርንጫፍ ተነክቷል። ልጅ እጁን ይዘረጋል፤ ይህ የማይቀር ነው። ባቡሩ ቢቆም ልጆቹን በእግር የሚያስወጣ 60 ሳንቲ ሜትር መንገድ በአንድ ጎን ክፍት ነው። ነጂው አንድ ቁልፍ ሲጫን ባቡሩ ይቆማል፣ ድምፁ ይዘጋል፣ ከባትሪ የሚሠራ ነጭ መብራት ይበራል። ድምፅ ለመያዝ ስፖንጅ ወይም የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ እሳት መጋበዝ ነው፤ በትዕይንቶቹ መካከል የጂፕሰም ሰሌዳ አቆምን፣ ትልቁን ስፒከር አውጥተን ወደ ልጆቹ ያዘነበሉ አራት ትንንሾችን ሰቀልን። በሁለቱም አፍ ባለ 6 ኪሎ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል።

ፈቃዱ በጽሑፍ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልም ሥራን ይጠብቃል፤ የከዋኞችንና የድምፅ ሪከርድ አዘጋጆችን መብትም ለብቻው ያስቀምጣል። ስለዚህ ከፊልም ሠሪዎቹ ጋር ስንፈራረም የገጸ ባሕርያቱን ምስል በአንድ አንቀጽ፣ «ዋራባ!» ብላ የጮኸችውን ልጅ ድምፅ በሌላ አንቀጽ አደረግነው፤ ለእሷም ወላጅዋ ፈረመላት። ለጥላው ቅርጽ ለውጥ ማድረግ እንደምንችል፣ የልጅቷን ልብስ ቀለም ግን እንደማንነካ ተጽፏል። ቀለም ከመግዛት በፊት የልብሱን ቀለም ናሙና ከሠሪዎቹ መውሰድ ይሻላል፤ በአልትራቫዮሌት ሥር ብርቱካኑ ወደ ሮዝ ስለሚያደላ ሦስት ጊዜ ቀላቅለን ነው የፈቀዱልን።

አሁን ሰኞ ጠዋት ዋሻው ለሁለት ሰዓት ይዘጋል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ከተነካ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። የማግኔቱና የስዊቹ ክፍተት 10 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይለካል፣ ቡሎኖቹ ይጠበቃሉ፣ ባቡሩ ባዶውን አንድ ዙር ይነዳና ሰከንዱ ደብተር ላይ ይጻፋል። ከ60 ወደ 66 ከወጣ የሚታየው መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ የጎማው ኩሽኔታ ነው።