ተከትቦም ተቅማጥ ያዘው?

"ክትባቱን ጨርሶ የለ እንዴ፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚያስቀምጠው?" እዚህ ጅማ እናቶች ይሄን ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ ጥያቄው ደግሞ ተገቢ ነው።

ክትባቱ የሚከላከለው ሮታ የሚባለውን የተቅማጥ ቫይረስ ነው፣ ተቅማጥ ሁሉ ደግሞ ሮታ አይደለማ! ሮታ ራሱም ቢሆን አንድ አይነት አይደለም። ቫይረሱ ጂኑ 11 ቁራጭ ነው፣ ሁለት አይነት ሮታ አንድ ህፃን አንጀት ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹን ይቀያየሩና ሌላ አይነት ይወለዳል፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ደግሞ ልጆች ገና በጨቅላነታቸው ስለሚጋለጡ እንዲህ ያለው ድብልቅ ብዙ ነው፣ እነ ጂ8 የሚባሉት የሮታ አይነቶችም አፍሪካ ላይ በርከት ብለው ይገኛሉ። እኛ በ2006 ዓ.ም የጀመርነው ሮታሪክስ የሚባለው የሮታ ክትባት የተሰራው ጂ1ፒ8 ከሚባለው አንድ አይነት ብቻ ነው፣ ሌሎቹንም ይከላከላል ግን ድሃ አገር ላይ አቅሙ ይቀንሳል፣ የምግብ እጥረቱ፣ የአንጀት ኢንፌክሽኑ፣ ከእናት የሚመጣው አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ) ሁሉ አለበት።

ታዲያ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ማላዊና ደቡብ አፍሪካ ላይ በተሰራው ጥናት ክትባቱ ከባድ የሮታ ተቅማጥን ማላዊ ላይ 49 በመቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ 77 በመቶ ቀነሰ። ነገር ግን ማላዊ በሽታው ስለሚበዛ ከ100 የተከተቡ ህፃናት 7 የሚጠጋ ከባድ የሮታ ተቅማጥ ሲያስቀር ደቡብ አፍሪካ ላይ 4 ገደማ ነው። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ በ6 እና በ10 ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት ማንም እንዲያስቀርብኝ አልፈልግም።

የሚያናድደኝ ልጅ ሲያስቀምጠው "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ብሎ ማለፍ ነው። ሄርማታ ሰፈር አንድ የ8 ወር ልጅ እንደዛ እየተባለ ቆይቶ ሳየው የሰውነቱ ውሃ አልቆ አይኑ ገብቷል፣ እርግብግቢቱ ጎድጉዷል፣ ያለቅሳል እንባ የለም፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው፣ ወዲያው ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሰራም፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ ሽሮፕ አትለምኑ። ኦአርኤስ (የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት) አንዱን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት፣ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆዩና ድገሙ፣ ጡቱም አይቋረጥ። ከኦአርኤሱ ጋር የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል ደግሞ ተቅማጡ በሶስተኛው ቀን ቢቆምም አታቋርጡ፣ 10 ቀን ሙሉ ይውሰድ።