ግራ እግሬና የማታው ሳፋ

ግራ እግሬ ማበጥ የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ አካባቢ ያሳክከኝ ነበር። ማታ ያቃጥለኛል፤ ሲነጋ እብጠቱ ይጎድላል። ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ቀይ አፈር በባዶ እግሩ ሳይረግጥ ያደገ የገበሬ ልጅ ማን አለ?

አክስቴ «እባብ ረግጠህ ነው» አለች። ሌሎች «ዘር ነው» ብለው አንሾካሾኩ። ይሄኛው የበለጠ ጎዳኝ፤ እህቶቼ ገና አላገቡም ነበር። ጸበል ተጠመቅኩ። አንድ የባህል ሐኪም በምላጭ በጣኝ፤ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። መምህር ስሆን ደግሞ ሰፊ ሱሪ እያሰፋሁ ደበቅኩት።

በየወሩ ማለት ይቻላል ይነሳብኝ ነበር። ንፍፊት ይወጣብኛል፤ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ከዚያ እግሬ ቀልቶ እንደ እሳት ይግላል። ምች ነው እንል ነበር። አምስት ቀን ከሥራ እቀራለሁ። ተማሪዎቼ «ወባ አለበት» ይላሉ፤ እኔም አላስተባብልም።

ስሙን የሰማሁት ክሊኒክ ስሄድ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ። ትንኝ የምታመጣው ዝሆኔ አለ፤ እሱ የቆላ ነው። የእኛ የደጋው ግን ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ብናኞች በእግር ቆዳ ይገቡና የሊምፍ መስመሩን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚያወጡትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ይጎዳሉ። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ለበሽታው የመጋለጥ ነገር በቤተሰብ ይወረሳል፤ አፈሩን በባዶ እግር ካልረገጡ ግን ዘር ብቻውን አያሳብጥም። አገራችን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንዳለበት ይገመታል። እኔ በሰፊ ሱሪ ብቻዬን የተደበቅኩ መስሎኝ ነበር!

መርፌ ስጠብቅ ነርሷ ሳፋ፣ ሳሙናና በረኪና ይዛ መጣች።

«ይኼው ነው?» አልኳት።

«ይኼው ነው መምህር። ግን በየቀኑ ነው።»

ማታ ማታ እግሬን በሳሙና እታጠባለሁ። ከዚያ በመጠኑ በረኪና ጠብ ያለበት ውኃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ እነክረዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ቢበዛ ይሻላል» ብዬ በረኪናውን ያለ ልክ ጨምሬ ቆዳዬን አቃጥዬዋለሁ። ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን ማድረቁ ነው። ያበጡ ጣቶች ይጣበቃሉ፤ በመሃላቸው እርጥበት ከቀረ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይገባል፤ ያ «ምች» የምንለው እዚያው ይጀምራል። ስለዚህ ቀጭን ጨርቅ በየጣቶቼ መሃል አሳልፋለሁ። ደክሞኝ የዘለልኳት ማታ በሳምንቱ ዋጋ ታስከፍለኛለች። በመጨረሻ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ቁርጭምጭሚቴን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሳለሁ። የባቴ ጡንቻ ሲሠራ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋል።

እብጠቱን የሚይዘውን ፋሻ ማሰርም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ ጉልበቴ ሥር ጥብቅ፣ እግሬ ላይ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ጣቶቼ ቋንጣ መስለው ጠቆሩ። ለካ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከጣት ሥር ተጀምሮ፣ ታች ጠበቅ፣ ላይ እየላላ ይሄዳል። ሕመሙ በተነሳ ጊዜ አይታሰርም። ደግሞ ድንገት አንድ እግሩ ያበጠ ወይም ልቡን የሚያመው ሰው ፋሻ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ይየው።

ለውጡን በዓይኔ አላምነውም ነበር። የእናቴን የጥጥ ፈትል ወስጄ ቁርጭምጭሚቴን እየለካሁ በየወሩ ቋጠሮ አሰርኩ። ሦስተኛው ወር ላይ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አላለም። እግሬ እንደ ቀኙ አልሆነም፤ አይሆንምም። ባለፈው ዓመት ግን የተኛሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት እንዲህ ያለው እንክብካቤ የሕመሙን መነሳት በ19 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። 19 ትንሽ ነው የሚል ካለ ንፍፊት አውጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ጫማዬን የሚሠራልኝ ደብረ ማርቆስ ያለ ጫማ ሰፊ ነው። የግራውን ልክ ካርቶን ላይ ስሎ አስቀምጦት ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል አዲስ ላሠራ ሄድኩ። ካርቶኑን አወጣ፤ እግሬን አስቀመጥኩበት። ዙሪያውን አየና «መምህር፣ ይሄ የእርስዎ ነው?» አለኝ። ከዚያ ካርቶኑን ገልብጦ እርሳስ ፈለገ።