ይህ የማን ስም ነው?

የሥልጠና ክፍላችን አስተባባሪ፣ እኔ የማስተዳድረው ፕሮግራም ያዘጋጀውን አንድ የምሥክር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ይህ የማን ስም ነው?» አሉኝ። በሠልጣኙ ስም ቦታ አናታቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን «ኤ»ዎች ተደርድረዋል። ምረቃው በማግስቱ ነው።

አማርኛ ሲበላሽ ሁላችንም ቀድመን የምንጠረጥረው ፊደሉን ነው። የዳታቤዙን ኢንኮዲንግ (ፊደላት በቁጥር የሚቀመጡበትን ስልት) መረመርኩ፤ ደኅና ነው። የግዕዝ ፊደላት ያሉትን የአቢሲኒካን ፎንት እንደገና ጫንኩ፤ ለውጥ የለም። እስከ ምሳ ሰዓት በዚህ ደከምኩ።

ፍንጩን የሰጡኝ እነዚያው «ኤ»ዎች ናቸው። ዛሬ በተለመደው ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ 8፣ ከተለመዱት የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያ ባይታቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ላቲን 2 በሚባለው አሮጌ የአውሮፓ ፊደላት ኢንኮዲንግ ሲነበብ ያቺው ባለጭረት «ኤ» ይሆናል። ስለዚህ ስሙ ሳይጎድል ደርሷል፤ የሚሥለው አካል ነው ግዕዝ የማያውቀው። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቋንቋ የፒኤችፒን የምስል ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስብ)፣ ጂዲን፣ ስለ ራሱ ብጠይቀው ፍሪታይፕ፣ ማለትም የፎንት ፋይል አንብቦ ፊደል የሚሥለው ቤተ መጻሕፍት፣ የለኝም አለ።

ባለፈው ሳምንት ከፒኤችፒ 7.3 ወደ 7.4 ያሸጋገርኩት እኔ ነኝ፤ ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ፣ ምን ምን እንዲካተት በሚነግሩት በአሮጌዎቹ አማራጮች። በ7.4 «ዊዝ ጂዲ» የነበረው «ኢኔብል ጂዲ» ሆኗል፤ ምስል ጨርሶ ስለጠፋ ይህን ወዲያው አረምኩ። «ዊዝ ፍሪታይፕ ዲር» ግን «ዊዝ ፍሪታይፕ» መባሉን አላየሁም። ግንባታውን የሚያዘጋጀው የኮንፊገር ስክሪፕት በትክክለኛ ስሙ የጠሩትን ቤተ መጻሕፍት ካጣ ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። በማያውቀው ስም ከጠሩት ግን አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ጥሎ ይቀጥላል። ስንፍና አይደለም፤ ዋናው ስክሪፕት ያንኑ የአማራጮች ዝርዝር በሥሩ ላሉት ንዑስ ስክሪፕቶችም ሊያቀብል ስለሚችል፣ አንዱ ለወንድሙ በተላከ መልእክት እንዳይወድቅ ነው። ያ መስመር በመቶዎች በሚቆጠሩ መስመሮች መካከል ሲያልፍ እኔ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ፕሮግራሙ መውደቅ ነበረበት፤ ፍሪታይፕ ከሌለ በፎንት ፋይል የሚጽፈው ፈንክሽን የለማ! አንድ ብልህ ሰው ግን «ፈንክሽኑ ከሌለ ጂዲ ውስጥ ባለው የላቲን 2 ፎንት ጻፍ» የሚል ኮድ አስገብቷል። ማን እንደሆነ ለማወቅ የኮዱን የለውጥ ታሪክ አገላበጥኩ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እኔ። ያን ቀን በጥንቃቄዬ ኮርቼ እንደነበር እንኳን ትዝ ይለኛል።

ያን የመጠባበቂያ ኮድ ሰረዝኩ፤ አማራጩን አረምኩ፤ የማይታወቅ አማራጭ ሲያጋጥም ስክሪፕቱ እንዲቆም «ኢኔብል ኦፕሽን ቼኪንግ»ን «ፌታል» አደረግኩ። ወዲያው ቆመ፦ «ዊዝ ጄፔግ ዲር»። እሱም ስሙ ተቀይሯል። የእኛ አርማዎች ሁሉ በጄፔግ ሳይሆን በፒኤንጂ የምስል ዓይነት የተቀመጡ ስለሆኑ ማንም ልብ አላለውም።

ማታ አስተባባሪዋ የታተሙትን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ሁለት ስሞች ላይ ቆም ብለው በቀይ እስክሪብቶ «ሰ»ን ወደ «ሠ» ቀየሩ። እነዚያ እንኳን የእኔ ጥፋት አልነበሩም።