ከቲፑ ይልቅ ላይነሩን ፈትሹ

ድሬዳዋ ሳቢያን በምሠራበት ብረታ ብረት ቤት የባጃጅ አካልና የመስኮት ፍሬም የምንበይደው በሲኦቱ ማሽን (ሽቦ እየገፋ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከለላ በሚበይድ)፣ በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። የቶርቹን፣ ማለትም በእጅ የሚያዘውን መበየጃ፣ ጫፍ ማደስ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፤ ኖዝሉ (ጋዙ የሚወጣበት አፍ) ላይ የተጋገረውን ፍንጣሪ መጥረግ፣ የጋዝ ማከፋፈያውን ቀዳዳዎች መክፈት፣ ቀዳዳው ሞላላ የሆነውን፣ ሽቦው የሚወጣበትን የመዳብ ቲፕ በአዲስ መተካት ነው። ያስመረረኝ ላይነሩ፣ ማለትም ሽቦው በቶርቹ ኬብል ውስጥ የሚያልፍበት እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ የብረት ቱቦ ነው።

ሽቦው እየቆመ እየቀጠለ መውጣት ሲጀምር ያማከርኩት ሁሉ ቲፕ ቀይር አለኝ። ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አሮጌውን ላይነር ስቤ ጋዜጣ ላይ ሳራግፈው ጥቁር አቧራ ከሚያብረቀርቅ የመዳብ ብናኝ ጋር ተዘረገፈ። አቧራው ሳይሸፈን ከሚውለው የሽቦ ጥቅል፣ ብናኙ ደግሞ ሽቦውን ወደ ቶርቹ ከሚገፋውና ከመጠን በላይ ጠብቆ የመዳብ ልባጡን ከሚፍቀው ሮለር የመጣ ነው። ሽቦው ሲንሸራተት ሮለሩን አጥብቁ ተብሎ በሥልጠና የተነገረን ትምህርት እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሽቦው የሚያልፍበት መንገድ ነው።

መለዋወጫ የሸጠልኝ ሰው ቀይ ላይነር አውጥቶ «ወንድሜ፣ ለሁሉም ይሆናል፣ ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው» አለኝ። ልዩነቱ ግን ቀለሙ አይደለም፤ በተለመደው አሠራር ሰማያዊው ለ0.8፣ ቀዩ ለ1.0 እና ለ1.2 ሽቦ ነው። ቀጭኑ ሽቦ በሰፊው ቱቦ ውስጥ እየተጣመመ ስለሚሄድ፣ ቶርቹ ትንሽ በታጠፈ ቁጥር በሮለሩና በላይነሩ አፍ መካከል ተተብትቦ ሥራ አስቆመን። ልመልስ ብሄድ «ተቆርጧል» ብሎ አልቀበል አለኝ። በየቀኑ የሚሸጠውን ዕቃ ለይቶ የማያውቅ ነጋዴ የሰው ገንዘብና የሥራ ቀን ያቃጥላል፤ ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሰማያዊውን ያስገባሁት ኬብሉን መሬት ላይ ቀጥ አድርጌ ዘርግቼ ነው፤ ተጠቅልሎ ሳለ የተለካ ላይነር ልኩን ይስታል። ካጠረ ከቲፑ በፊት ክፍተት ይፈጥራል፣ ከረዘመ ውስጥ ይጣመማል። የተቆረጠውን አፍ በሞረድ ማለስለስ ግድ ነው። ጥቅል በተቀየረ ቁጥር በአየር ንፉት የሚለውን ምክር እኔ የምቀበለው የኮምፕረሰሩ ውኃ አስቀድሞ ከተደፋ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ዝገት ማስገባት ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቲፑን ፍቱ፣ ሮለሩን አላቁ፣ ኬብሉን ዘርግታችሁ ሽቦውን በእጃችሁ ሳቡ። ያለ ትግል ካልመጣ ችግሩ ላይነሩ ጋ ነው።